ሬዲዮ ስትሰሙ ዓመቱን በማን አቆጣጠር እንደሆነ ለዩ

በሬዲዮ የዓለም ፖለቲካና ታሪክ ውይይት ለምትከታተሉ አንድ ነገር ላካፍላችሁ። አንድ ተወያይ ዓመተ ምሕረት ሲጠራ በእኛ ነው በፈረንጆቹ? ወዲያው ለዩት። እኔ እስክሪብቶ ይዤ ሁለቱንም ጎን ለጎን እጽፋለሁ። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 አካባቢ ልዩነቱ 7 ዓመት ነው፤ ከዚያ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ደግሞ 8 ዓመት።

የስዊዝ ቦይን ነገር እዩት። የግብፁ ፕሬዚዳንት ጋማል አብደል ናስር ቦዩን የወረሱት ሐምሌ 19 ቀን 1948 ነው። እስራኤል ሲና በረሃ የገባችው ደግሞ ጥቅምት 19 ቀን 1949። በእኛ ሁለት የተለያዩ ዓመታት ናቸው፣ በፈረንጆቹ ግን ሁለቱም 1956! በመካከላቸው ያለው ሦስት ወር ብቻ ነው፤ ሳይለዩ የሰሙት ግን ዓመት ያለፈ ይመስላቸዋል። እንግዳው ከውጭ መጽሐፍ አንብቦ የመጣ ከሆነማ ሁለቱን አቆጣጠሮች በአንድ ዐረፍተ ነገር ሊቀላቅላቸው ይችላል፤ ያኔ ወሩን ጭምር ጻፉ።