«በጎግል ግቡ» እያለ የሚጨቀጭቀውን ሳጥን ማጥፋት፣ የማያሳስት የመንገድ አፕ መምረጥ

የተሸወድኩት ባጃጅ ውስጥ ነው። ባሕር ዳር ላይ ከፔዳ ወደ ጊዮርጊስ እየሄድን አንድ ድረ ገጽ ስከፍት፣ ከነስሜ ከነፎቶዬ «በዚህ አካውንት ቀጥል» የሚል ሳጥን ብቅ አለ። ልዘጋው ስል ባጃጇ ጉድጓድ ገባች፤ ጣቴ «ቀጥል» ላይ አረፈ። ስሜም ኢሜይሌም ሄደ። ከዚያ ወዲህ የማስታወቂያ ኢሜይል ይዘንብብኛል።

መጀመሪያ ክሮም ላይ «ፖፕ አፕስ» የሚለውን ዘጋሁ። ሳምንት ሙሉ ምንም ለውጥ የለም! ለካ እሱ የሚያግደው አዲስ መስኮት የሚከፍቱትን ነው፤ ይህኛው ሳጥን ግን እዚያው ገጹ ላይ ነው የሚለጠፈው። ትክክለኛው ቦታ ሌላ ነው፦ ሦስቱን ነጥቦች ንኩ፣ ሴቲንግስ፣ ሳይት ሴቲንግስ፣ ከዚያ «ሰርድ ፓርቲ ሳይን ኢን»። እሱን አጥፉት።

ድረ ገጹ ራሱ የሚደቅነው «ተመዝገቡ» ግን በዚህ አይጠፋም። ለእሱ እኔ ፋየርፎክስ ላይ ዩብሎክ ኦሪጅን የሚባል ማገጃ ጭኛለሁ፤ የአንድሮይድ ክሮም እንዲህ ያለ ተጨማሪ ነገር አይቀበልም።

እንደኔ ቀድማችሁ ነክታችሁ ከሆነ፣ ጎግል አካውንታችሁ ውስጥ ከሌሎች ድረ ገጾች ጋር ያለውን ግንኙነት ፈልጋችሁ ሰርዙ። የተወሰደ ኢሜይል ግን አይመለስም።

ወደ መንገድ አፑ ስንመጣ፣ ሰዎች የሰጡትን ኮከብ አትቁጠሩ። ዋይፋይ ባለበት አውርዱና በደንብ የምታውቁትን መንገድ ጠይቁት። የኔ ፈተና ከጊዮርጊስ አባይ ማዶ ነው፦ ግንቦት 2016 የተመረቀውን አዲሱን የአባይ ድልድይ ካርታው ላይ ካጣሁት ወዲያው አጠፋዋለሁ። ቀጥሎ ዳታ ዘግታችሁ ሞክሩት። ካርታ ከማሳየቱ በፊት ግቡ፣ ተመዝገቡ የሚለውንም አልታገሰውም። ኦርጋኒክ ማፕስና ኦስምአንድ የሚባሉት የካርታ አፖች የባሕር ዳርን ካርታ አስቀድማችሁ ካወረዳችሁ ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ፤ አካውንትም አይጠይቁም። የታክሲውን ሂሳብ ግን ረዳቱን ጠይቁ።

ሰዓቱንም አስተውሉ። ስልኩ 7:00 ሲል ጠዋት አንድ ሰዓት ማለቱ ነው። እኔ ሰባት ሰዓት መስሎኝ ወደ ዘጌ የምትሄደዋን ጀልባ ከወደቡ ቆሜ በዓይኔ ፈልጌ አጣኋት፤ ከሄደች ስድስት ሰዓት ሆኗታል።