ታጁራ ላይ ከዌል ሻርክ ጋር ለመዋኘት፦ ከመነጽር ልክ እስከ ጀልባ መሰላል

ጅቡቲ ውስጥ ዌል ሻርክ በብዛት የሚታየው ከኅዳር እስከ ጥር ነው። ከጅቡቲ ከተማ በስተምዕራብ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ባለው በአርታ ፕላዥ ዳርቻ፣ ፕላንክተን የሚባሉትን ደቃቅ ፍጥረታት እየተከተለ ወደ ላይ ይወጣል። ሙሉ ሲያድግ ከ12 ሜትር የሚያልፍ ዓሣ ነው። ታጁራ የሚመጡት ግን ገና ያላደጉ ናቸው፤ አብዛኞቹ ወንዶች ሲሆኑ ርዝመታቸው ከ3 እስከ 5 ሜትር ገደማ ነው። ስሙ ቢያስፈራም ሰው አይነካም፤ የሚበላው ውኃውን እያጣራ ነው።

ጀልባ ከመያዝዎ በፊት የሚፈልጉት ሻርክ ይሁን ኮራል ይለዩ። ሻርኩን የሚያመጣው ፕላንክተን ውኃውን አረንጓዴና ድፍርስ ስለሚያደርገው፣ ጥሩ ሻርክ የሚታይበት ቀን ብዙ ጊዜ ጥቂት ሜትር ብቻ የሚታይበት ቀን ነው። ጥርት ያለ ውኃና ባለቀለም ዓሣ የሚሹ ከሆነ ወደ ሙሻ እና ማስካሊ ደሴቶች ይሂዱ። ሙሻ ከ1972፣ የማስካሊ ደቡባዊ ክፍል ደግሞ ከ1980 ጀምሮ (በአውሮፓ አቆጣጠር) ጥብቅ ቦታዎች ናቸው። እዚያ ኮራል ላይ መቆም የለም፤ መልሕቅም የሚጣለው አሸዋ ላይ ነው።

ስለ ሰዓት ይጠንቀቁ። የጅቡቲና የአዲስ አበባ ሰዓት አንድ ነው፤ አቆጣጠሩ ግን ይለያል። ጀልባ ነጂው «ሰባት ላይ» ሲል በእኛ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ማለቱ ነው። ከሰዓት በኋላ ንፋስ ተነሥቶ ማዕበል ሊመጣ ስለሚችል በጠዋት መውጣት ይሻላል። ዋጋ ሲነጋገሩ በሰው ነው ወይስ በጀልባ፣ መነጽርና ፊን (እግር ላይ የሚጠለቅ የዋና መቅዘፊያ) ይጨምራል ወይ ብለው ይጠይቁ። ከሁሉ በላይ ግን መሰላል መኖሩን በዓይንዎ ይዩ። ክንድ ከዛለ በኋላ መሰላል በሌለው ጀልባ ላይ መውጣት እጅግ ይከብዳል። ጥላ፣ በልክዎ የሆነ ላይፍ ጃኬት፣ መገናኛ ራዲዮ ወይም ስልክም መኖር አለበት።

አብዛኛው ሰው ቀኑን የሚያበላሸው በመነጽሩ ነው። ማሰሪያውን ሳያጠልቁ መነጽሩን ፊትዎ ላይ ያድርጉና በአፍንጫዎ ትንሽ አየር ይሳቡ። እጅዎን ሲለቁት ከፊትዎ ካልወደቀ ልክዎ ነው። ከወደቀ ሌላ ይሞክሩ፤ ማሰሪያውን ማጥበቅ መፍትሔ አይሆንም፤ እንዲያውም ሲጠብቅ የሲሊኮኑ ጠርዝ ይጣመምና የባሰ ውኃ ያስገባል። ሹሩባ የተሠራች ሴት ማሰሪያው ሽቅብ እንዳይንሸራተት ከጉንጉኑ በታች ታድርገው። ከጠርዙ ሥር አንዲት የፀጉር ዘለላ ወይም የሻሽ ጫፍ ካለች ውኃ በእርሷ በኩል ይገባል። ጢም ያለው ሰው ከላይኛው ከንፈሩ በላይ ቫዝሊን ይቀባ። አዲስ መነጽር ከፋብሪካ ይዞት የሚመጣው ስስ ቅባት እንፋሎት ስለሚያስይዘው መስታወቱን ከውስጥ በጥርስ ሳሙና አሽቶ ማጠብ ነው። ከዚያ በኋላ ውኃ ውስጥ ከመግባት በፊት ምራቅ ቀብቶ ማለቅለቅ ይበቃል።

ስኖርክሉን (በአፍ የሚያዘውን የመተንፈሻ ቧንቧ) መጀመሪያ ወገብ በሚደርስ ውኃ ይለማመዱት። ቧንቧው ውኃ ሲገባበት «ቱ!» ብለው ባንድ ትንፋሽ ያስወጡ፤ ለዚህም ሁልጊዜ ሳንባዎ ውስጥ ትንሽ አየር ያስቀሩ። አገጭዎን ወደ ደረትዎ አብዝተው ካስጠጉ ቧንቧው ይዘምና ይሰጥማል። ጥድፍ ጥድፍ ያለ ትንፋሽ ደግሞ አየር ያጠረ ያስመስላል፤ ድንጋጤውም ከዚያ ይጀምራል። እንዲያ ከሆነ ወዲያው በጀርባዎ ተገልብጠው ይንሳፈፉ፣ ቧንቧውን ከአፍዎ ያውጡ፣ እጅዎን ያውለብልቡ። ዋና የማይችል ሰው ከሻርክ ጋር ክፍት ባሕር ላይ ባይወርድ ይመረጣል፤ ዓሣው ወደ ላይ ስለሚወጣ ከጀልባው ላይም በደንብ ይታያል።

ከሻርኩ ጋር የሚገባው እንዲህ ነው። ነጂው ከዓሣው ፊት ራቅ ብሎ ይቆማል፤ ፕሮፔለሩ (የሞተሩ ተሽከርካሪ ምላጭ) መቆሙ ሳይነገር ማንም አይወርድም። ታጁራ የሚመጡት ብዙዎቹ ሻርኮች የፕሮፔለር ጠባሳ አለባቸው፤ ያን ያየ ሰው ይህ ነገር ለምን እንደሚደጋገም ይገባዋል። ከጀልባው ጠርዝ ተቀምጠው ቀስ ብለው ይንሸራተቱ፤ ጧ ብሎ የሚዘል ሰው ዓሣውን ወደ ታች ይሰደዋል። ከዚያ በጎኑ፣ በደረት ክንፉ ትይዩ ይዋኙ። ከአካሉ 3 ሜትር፣ ከጭራው 4 ሜትር ይራቁ፤ ጭራው ሲወዛወዝ በድንገት ይመታል። ፊቱ ላይ መደቀን፣ መንካት፣ ፍላሽ ማብራት ክልክል ነው። አንዳንዴ እንደ ዓምድ ቀጥ ብሎ አፉን ወደ ላይ ከፍቶ ይበላል፤ ያን ጊዜ ባሉበት ተንሳፍፈው መመልከት ነው። ጥሎዎት ከሄደ አያሳድዱት፤ በሰው እግር አይደረስበትም። ወደ ጀልባ ተመልሶ ሌላ መጠበቅ ይሻላል።

ቅባት የበዛበት ቁርስና ፉል ለሌላ ቀን ይቆዩ፤ ደረቅ ዳቦና ሻይ ለሆድ ይቀላል። ባሕር የሚያዞረው ሰው መድኃኒቱን ከመነሣቱ ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት አስቀድሞ ይዋጥ፤ ማቅለሽለሽ ከጀመረ ብዙም አይረዳም። እጅጌው ረጅም የሆነ ጥብቅ የዋና ልብስ ከፕላንክተኑ መሐል ከሚለበልቡ ጥቃቅን ነገሮችም፣ ጀርባን ከሚጠብሰው ፀሐይም ያድናል። ሰው ሁሉ ከፀሐይ መሸፈን የሚረሳው ባቱን ነው። ለአንድ ሰው ቢያንስ 2 ሊትር የሚጠጣ ውኃ ይያዙ።

ስኖርክል ካደረጉ በኋላ በዚያው ቀን ወደ አዲስ አበባ ቢበሩ ችግር የለውም። በታመቀ አየር ሲሊንደር ጠልቀው ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፦ አንድ ጊዜ ከጠለቁ በኋላ ቢያንስ 12፣ ደጋግመው ከጠለቁ በኋላ ቢያንስ 18 ሰዓት ይጠብቁ። «በአውሮፕላን ሳይሆን በባቡር ነው የምሄደው» ማለትም አያዋጣም፤ አደጋው ከፍታው ነውና፣ ከናጋድ (ከጅቡቲው ባቡር ጣቢያ) የተነሣው ባቡርም የሚወጣው ከ2,000 ሜትር በላይ ነው።