የሂት ፓምፕ ውሃ ማሞቂያ ያላችሁ፣ እነዚህን ስህተቶች አስወግዱ

ሂት ፓምፕ የውሃ ማሞቂያ ካስገቡ ሰዎች የምሰማው ቅሬታ አብዛኛውን ጊዜ ተመሳሳይ ነው። «ውሃው ቶሎ አይሞቅም።» «ከሥሩ ያንጠባጥባል።» «በረዶ ሠራ።» «የመብራት ሂሳቡ ከድሮው ቦይለር በምንም አልተለየም።» ቴክኒሻን ተጠርቶ ሲመጣ ግን ብዙ ጊዜ ማሽኑ ጤነኛ ሆኖ ይገኛል። ችግሩ አያያዙ ላይ ነው። የለመድነው ቦይለር ስለሆነ ሂት ፓምፑንም እንደ ቦይለር እንይዘዋለን።

ስለዚህ አሠራሩን ላስቀድም። ቦይለር ውስጥ ኤለመንት አለ። መብራት ኤለመንቱን ያግለዋል፣ ኤለመንቱ ውሃውን ያሞቃል፣ በቃ። ሂት ፓምፕ የሚሠራው እንደ ፍሪጅ ነው። ፍሪጅ ከውስጡ ያለውን ሙቀት አውጥቶ በጀርባው በኩል ይጥለዋል። ሂት ፓምፕ ደግሞ ከአካባቢው አየር ሙቀት ሰብስቦ ውሃው ውስጥ ይከተዋል። ፋኑ አየር ይስባል፤ ቱቦ ውስጥ የሚዞረው ጋዝ የአየሩን ሙቀት ይቀበላል፤ ኮምፕረሰሩ ጋዙን ጨምቆ ይበልጥ ያሞቀዋል፤ ከዚያ ሙቀቱ ወደ ታንኩ ያልፋል። መብራት የሚበላው ሙቀቱን ለማጓጓዝ ነው። ሁኔታው ሲመቸው በ1 ኪሎዋት ሰዓት መብራት 3 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ሙቀት ያስገባል። ቁጠባው ያለው እዚህ ላይ ነው።

አየር መንሳት

ይህን ስህተት ራሴ ሠርቼዋለሁ። ማሽኑ ድምፅ ስላለው ጠባብ ዕቃ ቤት ውስጥ አስገብቼ በሩን ዘጋሁት። መጀመሪያ ደህና ነበር። ቀስ በቀስ ግን ሥራ አበዛ፤ ሌሊቱን ሙሉ እየሠራ ጠዋት ውሃው ለብ ያለ ነው። አንድ ቀን በሩን ስከፍተው ፊቴን የመታኝ አየር ልክ ፍሪጅ ሲከፈት የሚወጣው ዓይነት ነበር። ከማሽኑ ጎን፣ እንደ መኪና ራዲያተር የተደረደሩት ስስ አሉሚኒየሞች ላይ ነጭ ውርጭ ተጋግሯል።

ነገሩ ግልጽ ነው። ማሽኑ ሙቀቱን የወሰደበትን አየር አቀዝቅዞ ያስወጣል። ክፍሉ ዝግ ከሆነ ያንኑ ያቀዘቀዘውን አየር መልሶ ይስባል። ከቀዝቃዛ አየር የሚገኘው ሙቀት ደግሞ እየቀነሰ ይሄዳል። በሩን ሁለት ቀን ክፍት ስተወው ምንም ሳልጠግን ማሽኑ ወደ ድሮው ፍጥነቱ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ በሩን አየር በሚያስተላልፍ ፍርግርግ ቀየርኩት።

ቤት ውስጥ ለሚቀመጡ ማሽኖች አምራቾች ሰፋ ያለ ክፍል ይጠይቃሉ። ልኩ እንደ ሞዴሉ ቢለያይም 20 ሜትር ኩብ አካባቢ የተለመደ ነው። ወለሉ 3 በ3 ሜትር፣ ቁመቱ 2.5 ሜትር የሆነ ክፍል 22.5 ሜትር ኩብ ይሆናል። ክፍላችሁ ከዚህ የሚያንስ ከሆነ ወይ የአየር መውጫ ቱቦ ወይ ፍርግርግ በር ያስፈልጋል። ውጭ የተተከለም ቢሆን ካርቶን አታስደግፉበት፣ አትክልት አታስጠጉት፣ ልብስም አታስጡበት።

ፊልተር ካለው በየሁለትና በየሦስት ወሩ አውጥታችሁ እጠቡት። አቧራማ ቦታ ከሆነ ደግሞ ቶሎ ቶሎ። አሉሚኒየሞቹን ለስላሳ ብሩሽ ይበቃቸዋል። መኪና የሚታጠብበትን የግፊት ውሃ እንዳትጠቀሙ፤ አሉሚኒየሙ እንደ ወረቀት ይተኛል፣ የተኛ ደግሞ አየር አያሳልፍም።

ትዕግስት ማጣት

ሒሳቡን አብረን እንሥራው። 200 ሊትር ውሃን ከ15 ወደ 60 ዲግሪ ሴልሺየስ ለማድረስ 10.5 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ሙቀት ያስፈልጋል። የተለመደ የቤት ሂት ፓምፕ በሰዓት ከ1.5 እስከ 2 ኪሎዋት ሰዓት ሙቀት ያስገባል እንበል። ታንኩ ከባዶ ተነስቶ እስኪሞቅ ከ5 እስከ 7 ሰዓት ይወስዳል ማለት ነው። ይሄ ብልሽት አይደለም፤ ተፈጥሮው ነው።

ይህን ያላወቀ ሰው ሁለት ነገር ያደርጋል። አንደኛው፣ በፍጥነት ማሞቂያውን ቁልፍ ይጫንና ይረሳዋል። ብዙ ሞዴሎች ለክፉ ቀን የሚሆን ኤለመንት አላቸው፤ ቁልፉ የሚያስነሳው እሱን ነው። ያ 10.5 ኪሎዋት ሰዓት በሂት ፓምፑ ቢሠራ 3.5 ኪሎዋት ሰዓት አካባቢ መብራት ይበላል። በኤለመንት ከሆነ ሙሉውን 10.5 ትከፍላላችሁ። «ሂሳቡ አልቀነሰም» ለሚል ሰው መጀመሪያ የምጠይቀው ጥያቄ ማሽኑ በየትኛው ሞድ ላይ እንዳለ ነው። ብዙውን ጊዜ መልሱ እዚያው ይገኛል።

ሁለተኛው፣ ለመቆጠብ ብሎ ታይመሩን ለሦስት ሰዓት ብቻ ይሞላዋል። ማሽኑ ሳይጨርስ ይጠፋል፣ ማታ ሻወር ላይ ውሃው ይቀዘቅዛል። ታይመር መጠቀም ጥሩ ነው፤ በተለይ አየሩ በሚሞቅበት የቀን ሰዓት ቢሆን ማሽኑ በትንሽ መብራት ብዙ ይሠራል፣ ሶላር ላለው ደግሞ እጥፍ ጥቅም ነው። ሰዓቱ ግን በቂ ይሁን።

ሌላም አለ፤ አጥፍቶ ወዲያው ማብራት። ኮምፕረሰር እንደቆመ ወዲያው አይነሳም፤ በውስጡ ያለው ግፊት እስኪመጣጠን ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ይጠብቃል። «አልነሳም አለ» ብላችሁ ብሬከሩን አሥር ጊዜ አትነካኩ። ጠብቁት።

የሚንጠባጠበውን ሁሉ ፍሳሽ ማለት

ከዚህ ማሽን ውሃ የሚወጣው በሦስት መንገድ ነው። ሁለቱ ጤነኛ ናቸው።

የመጀመሪያው የአየሩ እርጥበት ነው። ቀዝቃዛ የለስላሳ ጠርሙስ ላይ ውሃ እንደሚያላብ ሁሉ ማሽኑም ሲሠራ ያላበዋል፤ ውሃው በቀጭን ቱቦ ይወርዳል። ቱቦው ቁልቁል መሄድ አለበት። ከተጣመመ ወይም አረንጓዴ ዝቃጭ ከዘጋው ውሃው ማሽኑ ሥር ይቋጥራል፤ ያኔ ሰው ታንኩ የተቀደደ ይመስለዋል። ለብ ያለ ውሃ አፍስሳችሁበት የሚወርድ መሆኑን ማየት ይበቃል።

ሁለተኛው ከሴፍቲ ቫልቩ፣ ግፊት ሲበዛ ራሱ ተከፍቶ ውሃ ከሚያስወጣው መክፈቻ፣ የሚወጣው ነው። ውሃ ሲሞቅ ይሰፋል። ያ 200 ሊትር ከ15 ወደ 60 ዲግሪ ሲደርስ ወደ 3 ሊትር ገደማ ይጨምራል። ተመልሶ ወደ ዋናው የውሃ መስመር እንዳይሄድ የሚያግድ ቫልቭ ካለ፣ ያ ትርፍ ውሃ የሚወጣው በዚህ በኩል ነው። ስለዚህ ማሽኑ ሲያሞቅ ብቻ ቢያንጠባጥብ አትደንግጡ።

እዚህ ላይ አጥብቄ የምለምናችሁ ነገር አለ። ይህን ቫልቭ በምንም አትድፈኑት። ማንጠባጠቡ አስጠልቶት በቡሽ ወይም በመዝጊያ የሚደፍን ሰው አለ። ሙቀቱን የሚቆጣጠረው ቴርሞስታት አንድ ቀን ቢበላሽ ግፊቱ መውጫ ያጣል፤ ታንኩ ይፈነዳል። ይልቅስ በየስድስት ወሩ የቫልቩን ማንሻ ምላስ ቀስ ብላችሁ አንሱና ውሃ መውጣቱን እዩ፤ ቀስ ብላችሁ መልሷት። የሚወጣው ውሃ የሚያቃጥል ነው፤ ፊትና እጃችሁን አርቁ፣ ልጆች አጠገብ አይኑሩ። ቀንም ሌትም ሳያቋርጥ የሚፈስ ከሆነ ግን ወይ ቆሻሻ ገብቶበታል ወይ የመስመሩ ግፊት በዝቷል፤ ባለሙያ ይየው።

ሦስተኛው ከታንኩ አካል የሚወጣ ውሃ ነው። ሥሩ ዝገት የቀላቀለ እርጥበት ካያችሁ ታንኩ አልቋል። ይሄ አይጠገንም።

«ጋዝ አልቆበታል» ብሎ መደምደም

ውሃው ለብ ሲል ሰው ቶሎ የሚናገራት ቃል ይህች ናት። ጋዙ ግን እንደ ነዳጅ አያልቅም። ዙሪያው የታሸገ ቱቦ ውስጥ ነው የሚዞረው። ከጎደለ አንድ ቦታ አፍስሷል ማለት ነው፤ ቀዳዳው ሳይገኝ መሙላት ገንዘብ መድፋት ነው። በዚያ ላይ ብዙ አዳዲስ ሞዴሎች የሚጠቀሙት አር290 ፕሮፔን ነው፤ ይቀጣጠላል። ለዚህ ጋዝ ያልሠለጠነ ሰው እንዳይነካው።

ጋዙን ከመጠርጠር በፊት ችግሩ ታንኩ ላይ ይሁን ቧንቧው ላይ ለዩ። ሰው ለብዙ ሰዓት ውሃ ሳይጠቀም፣ ማሽኑ አሙቆ እንደጨረሰ ማሳያውን እዩ። 60 ይላል? ከሴፍቲ ቫልቩ ትንሽ ውሃ በብረት ጣሳ ተቀበሉና በቴርሞሜትር ለኩት። እዚያ ትኩስ ሆኖ ሻወሩ ላይ ለብ ካለ ሂት ፓምፑ ንጹህ ነው። ጥፋተኛው መሀል መንገድ ላይ ነው። ብዙ ጊዜ ቀዝቃዛና ሙቅ የሚያደባልቀው ቫልቭ ሆኖ ይገኛል፤ በነጭ የኖራ ድንጋይ ይጣበቃል፣ ወይም መግቢያው ላይ ያለችው ወንፊት ትደፈናለች። አንዳንዴ ደግሞ አንድ ያረጀ የሻወር ቧንቧ ቀዝቃዛውን ወደ ሙቁ መስመር ያሾልካል። ለማወቅ ማሽኑን ከመብራት አጥፉ፣ ወደ ታንኩ የሚገባውን ቀዝቃዛ ውሃ ዝጉ፣ ከዚያ አንድ የሙቅ ውሃ ቧንቧ ክፈቱ። ውሃው ትንሽ ፈሶ መቆም አለበት። መፍሰሱን ከቀጠለ ቀዝቃዛ ውሃ በሌላ በኩል እየገባ ነው።

ዲግሪውን ዝቅ አድርጎ መቆጠብ

45 ላይ አድርጎ የሚኖር ሰው ብዙ ነው። እውነት ነው፣ መብራት ይቆጥባል። ግን ሌጂዮኔላ የሚባለው ከባድ የሳንባ ምች የሚያመጣ ባክቴሪያ ከ20 እስከ 45 ዲግሪ ባለ ውሃ ውስጥ ይመቸዋል። ታንኩ ውስጥ 60 ይሁን። ቧንቧ ላይ ሲደርስ ግን 60 አደገኛ ነው፤ በጥቂት ሰከንድ ቆዳ ይልጣል። ለዚህ ነው ማደባለቂያ ቫልቩ የተሠራው፤ ወደ 50 ወይም ከዚያ በታች ያወርደዋል። ሕፃንና አዛውንት ባለበት ቤት ያለ እሱ አትኑሩ።

በረዶውን በቢላ መፋቅ

በቀዝቃዛ ወቅት ስስ ውርጭ መሥራቱ የተለመደ ነው። ማሽኑ ራሱ ለጥቂት ደቂቃ ቆሞ ያቀልጠዋል፤ እንፋሎት ሊወጣ፣ ድምፁም ሊለወጥ ይችላል። የሚያሳስበው ወፍሮ ተጋግሮ የማይለቅ በረዶ ነው። ያኔ ፊልተሩን እዩ፣ ፋኑ መዞሩን እዩ፣ ካልሆነ ባለሙያ ጥሩ። በቢላ ወይም በካቻቪቴ ግን አትንኩት። አንድ ጭረት ቱቦውን ይበሳዋል፤ ጋዙም ያኔ በእርግጥ ይጎድላል።

የማግኒዥየሙን ዘንግ መርሳት

ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው፤ በትንሽ ወጪ የሚድን ታንክ በዝምታ ያልቃል። የብረት ታንክ ውስጥ አኖድ የሚባል ዘንግ ይሰቀላል፤ ብዙ ጊዜ ማግኒዥየም ነው። ሥራው ታንኩን ተክቶ መበላት ነው። አዲስ ሲሆን የአውራ ጣት ውፍረት ያለው ዱላ ይመስላል። ሲያልቅ መሀሉ ላይ ቀጭን ሽቦ ብቻ ቀርቶ እዚህም እዚያም የተፈረፈረ ነገር ይንጠለጠልበታል። ከዚያ በኋላ ዝገቱ የሚበላው ታንኩን ነው። በየሁለትና በየሦስት ዓመቱ አስፈትሹት፤ ውሃው ጨውና ማዕድን የበዛበት ከሆነ ቀደም ብላችሁ። ከማይዝግ ብረት የተሠሩ አንዳንድ ታንኮች ይህ ዘንግ የላቸውም፤ መመሪያውን እዩ።

በዓመት አንዴ ደለሉንም አስወጡ። መጀመሪያ መብራቱን አጥፉ፣ ውሃው ይብረድ፣ መግቢያውን ዝጉ፣ አንድ የሙቅ ውሃ ቧንቧ ክፈቱ፣ ከዚያ ጎማ ሰክታችሁ ከሥር አፍስሱ። ሲሞላ ደግሞ ከሙቅ ውሃ ቧንቧው አየሩ ወጥቶ ውሃው ሳይቆራረጥ እስኪወርድ ድረስ መብራት አታብሩ። ውሃ በሌለበት የበራ ኤለመንት ወዲያው ይቃጠላል።

የስህተት ኮዱን ማጥፋት

ማሳያው ላይ ፊደልና ቁጥር ሲወጣ የብዙ ሰው እጅ ወደ ብሬከሩ ይሄዳል። ኮዱ ይጠፋል፤ ችግሩ ግን አለ። መጀመሪያ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ያኔ ፋኑ ይዞር እንደነበር፣ ኮምፕረሰሩ ይጮኽ እንደነበር፣ አየሩ ብርድ እንደነበር ጻፉት። ለሚመጣው ቴክኒሻን ግማሹን ሥራ ሠራችሁለት ማለት ነው። እኔ ታንኩ ላይ አንዲት ወረቀት ለጥፌያለሁ፤ ፊልተሩ የታጠበበት፣ ቫልቩ የተሞከረበትና አኖዱ የተቀየረበት ቀን ተጽፎባታል።