የከበረ ድንጋይ ስትገዙ የማዕድኑን ስም ጠይቁ

የከበረ ድንጋይ ልትገዙ ከሆነ የመሸጫ ስሙን ብቻ ሰምታችሁ ገንዘብ አታውጡ። «ማዕድኑ ምንድን ነው?» በሉ። መልሱም ደረሰኙ ላይ ይጻፍላችሁ። «ስሞኪ ቶጳዝ» እየተባለ የሚሸጠው ቡናማ ድንጋይ አብዛኛውን ጊዜ ቶጳዝ ሳይሆን ኳርትዝ የሚባል ሌላ ማዕድን ነው። በሞህስ የጥንካሬ መለኪያ ኳርትዝ 7፣ ቶጳዝ 8 ነው፤ ዋጋቸውም ለየቅል ነው። ሩቢና ሳፋየር ግን ሁለቱም ኮረንደም የሚባል አንድ ማዕድን ናቸው፤ የሚለያቸው ቀለም ነው።

«ኤመራልድ ከት» ሲሏችሁም ልብ በሉ። ኤመራልድ አረንጓዴ የከበረ ድንጋይ ነው፤ «ኤመራልድ ከት» ግን የአቆራረጥ ስም እንጂ የድንጋዩ አይደለም። ማዕዘኖቹ ተቆርጠው ጎኖቹ እንደ ደረጃ ይወርዳሉ። አልማዝም ብርጭቆም እንዲህ ይቆረጣል። ሰፊው የላይኛው ገጽ ውስጡን ወለል አድርጎ ስለሚያሳይ፣ ብርሃን ላይ ያዙትና ስንጥቅና ነጠብጣብ ፈልጉ። ብዙ ትናንሽ ገጾች ያሉት፣ የሚያብለጨልጨው ክብ አቆራረጥ ግን እንከንን በደንብ ይደብቃል።