የምሕንድስና ተማሪ በሒሳብ ችሎታው እንዲተማመን ምን ያድርግ?

ምሕንድስና ሊማሩ ዩኒቨርሲቲ ከሚገቡ ወጣቶች መካከል በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በሒሳብ ጎበዝ ሲባሉ የቆዩት ጥቂት አይደሉም። ሆኖም የአፕላይድ ማቴማቲክስ የመጀመሪያው ሚድ ውጤት ተለጥፎ ያልጠበቁትን ነጥብ ሲያዩ፣ ብዙዎቹ ፈተናውን ትተው በራሳቸው ላይ ይፈርዳሉ፤ «ለካ ሒሳብ አልችልም ኖሯል» ይላሉ። ይህ ፍርድ የሚጎዳው ስሜትን ስለሚያቆስል ብቻ አይደለም። አልችልም ያለ ተማሪ ከባዱን ጥያቄ ሳይሞክር ያልፈዋል፣ ያልሞከረውን አይለምደውም፣ በቀጣዩ ፈተና ሲወድቅም የቀድሞው ፍርዱ እውነት ይመስለዋል።

የሥነ ልቦና ምሁሩ አልበርት ባንዱራ እ.ኤ.አ. በ1977 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ሰው አንድን ሥራ እወጣዋለሁ ብሎ የሚያምነው ከአራት ምንጮች ተነሥቶ መሆኑን አስረድቷል፤ እነዚህም ራሱ ሠርቶ ሲሳካለት፣ መሰሎቹ ሲሳካላቸው ሲያይ፣ ሌሎች ሲያበረታቱት፣ እንዲሁም በሥራው ሰዓት ሰውነቱ ሲረጋጋ ወይም ሲጨነቅ ነው። ከአራቱ ጠንካራው የመጀመሪያው ነው። ስለዚህ «አይዞህ» ማለት መልካም ቢሆንም ብቻውን አይበቃም። ተማሪው ራሱ ሠርቶ ትክክል መሆኑንም ራሱ ማረጋገጥ መቻል አለበት፤ በእኔ እምነት የሚዘነጋው ይህ ሁለተኛው ክፍል ነው።

ሥራውን የተመለሰላችሁን የፈተና ወረቀት በመመርመር ጀምሩ። በእያንዳንዱ የተሳሳተ ጥያቄ ላይ ሥራችሁ ከየትኛው መስመር ጀምሮ እንደተበላሸ አስምሩና ስህተቱ የየትኛው ክፍል ትምህርት እንደሆነ ከጎኑ ጻፉ። ዴሪቬቲቩ በትክክል ተሠርቶ ክፍልፋይ ሲደመር፣ ሎጋሪዝም ሲፈታ ወይም የትሪጎኖሜትሪ ቀመር ሲተካ የሚበላሸው ሥራ እጅግ ብዙ ነው። ካልኩለስ አይገባኝም ሲል የከረመ ተማሪ ጉድለቱ የ9ኛ ወይም የ10ኛ ክፍል አልጀብራ መሆኑን ካወቀ ሥራው በጣም ይቀልለታል፤ የሚከለሰው ነገር ተለይቶ ታውቋልና። የድሮውን መጽሐፍ አውጥቶ መከለስ የሚያሳፍር ነገር የለውም።

ቀጥሎ የሚታረመው የአጠናን ልማድ ነው። ከሲኒየሮች የተወረሰ፣ እስከ መልሱ የተሠራ ወርክሺት እያነበቡ «ገባኝ» ማለት ቀላል ነው፤ የሌላ ሰው ሥራ ሲነበብ እያንዳንዱ እርምጃ ትክክል ይመስላልና። ስለዚህ መልሱን አንድ ጊዜ ካነበባችሁ በኋላ ዘግታችሁ፣ በባዶ ወረቀት ላይ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ራሳችሁ ሥሩት። ከጥቂት ቀናት በኋላም ያንኑ ጥያቄ መልሱን ሳታዩ ድገሙት። መሥራት ያቃታችሁ እርምጃ ካለ፣ ገና ያልገባችሁ እሱ ነው።

አሁን ወደ ማረጋገጡ እንምጣ። መልሱ ትክክል መሆኑን ለማወቅ ሁልጊዜ የመጽሐፉን ጀርባ ወይም የጓደኛን ደብተር የሚጠብቅ ተማሪ፣ እነዚህ በሌሉበት የፈተና አዳራሽ ውስጥ መጨነቁ አይቀርም። ለምሳሌ «ኤክስ × ኮሳይን ኤክስ» የሚለውን ኢንቴግራል እንድትሠሩ ተጠየቃችሁ እንበል፤ እናንተም «ኤክስ × ሳይን ኤክስ − ኮሳይን ኤክስ» ብላችሁ መለሳችሁ፤ ቋሚውን ቁጥር ለጊዜው እንተወው። ዴሪቬቲቭ የኢንቴግራል ተቃራኒ ስለሆነ፣ የትክክለኛ መልስ ዴሪቬቲቭ የተጠየቀውን መልሶ መስጠት አለበት። የመልሳችሁን ዴሪቬቲቭ ስትወስዱ ግን «ኤክስ × ኮሳይን ኤክስ + 2 ሳይን ኤክስ» ይመጣል። የተጠየቃችሁት የመጀመሪያውን ብቻ ነበር። እርስ በርሳቸው መጠፋፋት የነበረባቸው ሁለት ሳይኖች ተደምረው ተገኝተዋል፤ ስለዚህ የተሳሳተው ምልክቱ ነው፣ ቅነሳው መደመር መሆን ነበረበት። ስህተቱን ያለማንም እርዳታ አገኛችሁት፣ የት እንዳለም አወቃችሁ። ዲፈረንሺያል ኢኩዌሽን ሲሆንም እንዲሁ መፍትሔውን ወደ እኩልታው መልሶ በመተካት ማረጋገጥ ይቻላል።

ሁለተኛው ማረጋገጫ ከምሕንድስናው ራሱ ይገኛል። የ6 ኦምና የ3 ኦም ሪዚስተሮች በፓራለል ተያይዘዋል እንበል። ጠቅላላው ሪዚስታንስ የሚገኘው 1/6 እና 1/3 ተደምረው ድምሩ ሲገለበጥ ነው። ላዕሉን ከላዕል፣ ታሕቱን ከታሕት ደምሮ 2/9 ያለ ተማሪ መልሱን 4.5 ኦም ያደርገዋል። ይሁን እንጂ ከረንቱ ተጨማሪ መንገድ ሲያገኝ ጠቅላላው ሪዚስታንስ ከትንሹ፣ ማለትም ከ3 ኦም፣ ማነስ አለበት። ስለዚህ 4.5 ሊሆን አይችልም፤ ድምሩ 1/2፣ መልሱም 2 ኦም ነው። የመለኪያ አሃዶችም በተመሳሳይ መንገድ ይረዳሉ፤ ኦም በፋራድ ሲባዛ ሰከንድ ስለሚሰጥ፣ የ1000 ኦም ሪዚስተርና የ0.001 ፋራድ ካፓሲተር የጊዜ ቋሚ (ታይም ኮንስታንት)፣ ማለትም የሁለቱ ብዜት፣ 1 ሰከንድ ነው። ጊዜ ተጠይቆ መልሱ በቮልት ከመጣ፣ ቁጥሩን ከማየት በፊት መንገዱን መፈተሽ ይገባል።

ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሚሰጥ፣ አንዳንዴ የሚያስቸግረው ሒሳቡ ሳይሆን የጥያቄው አነጋገር ነው። ጥያቄውን ከመፍታታችሁ በፊት የተሰጠውንና የተፈለገውን በአፍ መፍቻ ቋንቋችሁ ድምፅ አውጥታችሁ ተናገሩት። ይህን በጥናት ቡድን ውስጥ ማድረግ የበለጠ ይጠቅማል፤ ነገር ግን ቡድኑ ሁሉም በየተራ ተነሥቶ ሰሌዳ ላይ የሚሠራበት ሊሆን ይገባል። አንዱ ጎበዝ እየሠራ ሌሎቹ የሚገለብጡበት ቡድን ዝምተኛውን ተማሪ ይበልጥ ያሳንሰዋል።

በፈተና ቀን ጥያቄዎቹን ሁሉ አንድ ጊዜ ቃኝታችሁ ከምታውቁት ጀምሩ፤ ለማረጋገጫም ጥቂት ደቂቃ አስቀሩ። ከፈተናው በኋላ መምህራችሁን በማማከሪያ ሰዓታቸው ስትጠይቁ «ምዕራፉ አልገባኝም» አትበሉ። የሠራችሁበትን ወረቀት ይዛችሁ ሂዱና ያሰመራችሁበትን መስመር አሳይታችሁ «እስከዚህ አረጋግጫለሁ፣ ከዚህ ወደዚህ እንዴት እንደሚኬድ አልታየኝም» በሏቸው።