ለቀድሞ የሠራዊት ባንድ ሙዚቀኞች መገናኛ ወደ ጎንደር የሚመጣ ሰው ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

የቀድሞ የሠራዊት ማርሽ ባንድ ባልደረቦች ቅዳሜና እሑድን ጎንደር ላይ አብረን ስናሳልፍ አስተናጋጅነቱ የእኔ ድርሻ ከሆነ ቆይቷል። የከተማው ነዋሪ በመሆኔ ማደሪያ የማፈላልገው፣ የመለማመጃ አዳራሽ የምለምነው፣ አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ሄጄ እንግዳ የምቀበለው እኔ ነኝ። በአገልግሎት ዘመኔ ሁለተኛ ትሮምቦን ነበርኩ። ከዚህ በታች ያሉት ደጋግሜ አይቼ የታከቱኝ ነገሮች ናቸው፤ ሁሉም እኩል ስላላበሳጩኝ ሁሉንም እኩል አልጽፍባቸውም።

ደሜን የሚያፈላው ስህተት ሁሉም ሰው «አንደኛ»፣ ማለትም ዜማውን የሚይዘው ክፍል ተጫዋች፣ ሆኖ መምጣቱ ነው። ማርሽ በዜማ ብቻ እንደማይቆም ለሙዚቀኛ መንገር ያሳፍራል፤ ነገር ግን ከሠላሳ ዓመት በኋላ በጆሮ ውስጥ የሚቀረው ዜማው ብቻ ስለሆነ ሰው ሁሉ እርሱን ይለማመዳል፣ እርሱን ብቻ የያዘውን ወረቀት አስገልብጦ ይመጣል። ባሱ «ኡም» ሲል «ፓ» ብሎ የሚመልሰው የሆርን መስመር፣ ከዜማው ሥር ተደብቆ የሚሄደው ሦስተኛ ክላርኔት፣ ባሪቶኑ ከዜማው ጋር የሚነጋገርበት ክፍል በማንም ሻንጣ ውስጥ አይገኙም። አንድ ዓመት ስድስት ትራምፔትና አራት አልቶ ሳክስፎን ተሰልፈው ያንኑ አንድ መስመር በአንድነት ነፉ። ሆርን አልነበረም፤ ቱባ አልነበረም፤ ባስ ድራሙንም እያንዳንዱ «ሌላው ያመጣዋል» ብሎ ስለተወው ከበሮ የሌለው ማርሽ ሆነ። አዳራሹን ያከራየን ሰው ነጠላውን አዘቅዝቆ ለብሶ እየሮጠ መጣና «የዕድር ጡሩምባ መስሎኝ ነበር፤ ማን ሞተ?» ብሎ ጠየቀን። ስድስቱም ትራምፔተኞች ሳቁ፤ እኔ ግን አልሳቅሁም፣ ሰውየው በትክክል ሰምቷልና።

ንጹሕ ሆኜ አይደለም የምናገረው። ከዚያ በፊት በነበረ መገናኛ ላይ ዕድሜዬን ሙሉ ሁለተኛ ሆኜ መኖሬ ሰልችቶኝ የኮርኔቱን ዜማ በትሮምቦን አጥንቼ ሄድኩ፤ እንዲሰማልኝም ጉንጬ እስኪቀላ ነፋሁ። የቀድሞው የባንድ መሪያችን በመካከል እጃቸውን አንሥተው አስቆሙንና «ሁለተኛ ትሮምቦን ዛሬ አልመጣም?» አሉ። «አለሁ፣ ጋሼ» ብዬ ብድግ ስል «አልሰማሁህም» ብለው ዱላቸውን መልሰው አነሡ። ከዚያ ወዲህ ሁለተኛውን ክፍል ትቼ አላውቅም።

ስለዚህ እንደሚመጡ ደውለው ሲያረጋግጡ የሚይዙትን መሣሪያ ብቻ ሳይሆን የሚጫወቱትን ክፍል ጭምር ይንገሩን። የእርስዎ ክፍል ኖታ ጠፍቶ ከሆነ አንድ ምሽት ቁጭ ብለው ከሚያስታውሱት ይጻፉት፤ ጣት ከራስ ይልቅ ያስታውሳልና መሣሪያውን ይዘው ይጻፉት። የሌላውን ወረቀት መዋስም መፍትሔ አይሆንም። ለሲ ቢሞል ትራምፔት የተጻፈውን ኖታ በሚ ቢሞል አልቶ ሳክስፎን እንዳለ ቢያነቡት ሁለቱ ድምፆች በአምስተኛ (ከዶ እስከ ሶል ባለው ርቀት) ይራራቃሉ፤ ይህንን በወጣትነታችን እያወቅን በሽምግልና የምንረሳው ለምን እንደሆነ አይገባኝም።

ሁለተኛው ስህተት ከንፈርን ማመን ነው። ከንፈር ጡንቻ ነው፤ ካልሠራ ይሰንፋል። ሃያ ዓመት ያልነፋ ሰው ዓርብ ማታ ከአውቶቡስ ወርዶ ከፍተኛውን ድምፅ ለመያዝ ይታገላል፤ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ከንፈሩ አብጦ ሻይ መጠጣት ያቅተዋል። ቢያንስ ከስድስት ሳምንት በፊት ጀምረው በቀን ሩብ ሰዓት ዝግ ያለ ረጅም ድምፅ ይንፉ፤ ከፍታው ኋላ ይመጣል። የፊት ጥርስ ያስተከሉ ደግሞ ማውዝፒሱ (ከንፈር ላይ የሚገጥመው መንፊያ) የሚያርፍበት ቦታ እንደተለወጠ አስቀድመው ይወቁት። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ከአዲስ አበባ ለሚመጣው ይህ ምንም አይደለም፣ ከድሬዳዋ የሚመጣ ግን በየሁለት መስመሩ ትንፋሽ መውሰጃ ቦታ በእርሳስ ምልክት ቢያደርግ ይሻለዋል።

የተጣበቀ ማውዝፒስ በፒንሳ አይነቀልም። ይህንን ለማስረዳት አንድ የተጣመመ ትራምፔት ቤቴ ግድግዳ ላይ ሰቅያለሁ። ብርድ ያደረበት የእንጨት ክላርኔትም በትኩስ ትንፋሽ ወዲያው ቢነፋ ሊሰነጠቅ ይችላልና ጠዋት ፎቶ ለመነሣት ብለው አያስደንግጡት፤ በብብት ውስጥ ቀስ ብሎ ይሙቅ። የብረት መሣሪያ በብርድ ድምፁ ዝቅ ይላል፣ ሲሞቅ ይወጣል፤ በጠዋት የተቃኘ ባንድ በእኩለ ቀን እንደገና መቃኘት አለበት።

የደንብ ልብስ ለብሰው በከተማ አይዘዋወሩ። ቅቤ የበዛበት ዶሮ ወጥ በልተው አፍዎን ሳይጉመጠመጡ አይንፉ። «በሦስት ሰዓት» ስንል ጠዋት ሦስት ሰዓት ማለታችን ነው፤ ከውጭ አገር የመጣ አንድ ባልደረባችን ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ አዳራሹ ከተቆለፈ በኋላ ደርሶ በር ላይ ብቻውን ሲነፋ አግኝተነዋል።

ቅዳሜ ማታ ጠላው ከዞረ በኋላ «የክቡር ዘበኛ ይበልጥ ነበር፣ የምድር ጦር ይበልጥ ነበር፣ የፖሊስ ይበልጥ ነበር» የሚል ክርክር መጀመሩ አይቀርም። እባክዎ አያቀጣጥሉት። ከዐድዋ ድል በኋላ ከሩሲያ ቄሣር የተላኩትን የነሐስ መሣሪያዎችና በ1916 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ላይ ያገኟቸውን፣ በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት የመጡትን 40 አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆች ማንም ባንድ ለብቻው አልወረሰም፤ የሁላችንም ትምህርት ከዚያው ዘመን የሚቀዳ ነው። ከክርክሩ የሚከፋው ግን መዝሙር ማንሣት ነው። ከመካከላችን ሦስት ሥርዓት ያገለገሉ አሉ፤ የናልባንዲያን፣ የዳንኤል ዮሐንስና የሰሎሞን ሉሉ የሆኑት ሦስቱ ብሔራዊ መዝሙሮች በጣታቸው ላይ ናቸው። ለእነርሱ ሦስቱም የሥራ ቀን ትዝታ ናቸው፤ በረንዳ ላይ ሆኖ ለሚሰማው ጎረቤት ግን እንደዚያ አይደሉም። በአዳራሹ ውስጥ ስለ አወጣጣቸው እንነጋገር፤ በአደባባይ የቀድሞዎቹን አንንፋ።

ማዕረግን በሚመለከት አንድ ያየሁት ነገር እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል። ሻለቃ የነበረ ሰው ከጎኑ የተቀመጠውን የቀድሞ አሥር አለቃ «አንተ፣ ውሃ አምጣ» አለው። አሥር አለቃው በደመ ነፍስ ተነሥቶ ሄደ፤ ጸጉሩ ሁሉ ሸብቷል፤ የልጅ ልጆቹም አብረውት መጥተው ነበር። በዓመቱ አልመጣም። በታላቅነት ጋሼ፣ በእኩያነት ወንድሜ እንባባል፤ ማዕረጉ በፎቶው ላይ ይቆይ።

የጓደኛን አለመምጣት ስንጠይቅም ጥንቃቄ ያስፈልገናል። አንዲት እናት የባለቤታቸውን ሲምባል በጋቢ ጠቅልለው ይዘው መጥተው በር ላይ ሳሉ አንዱ ከሩቅ «ሰውየው ዛሬም አረፈደ እንዴ?» ብሎ ጮኸ። ካረፈ ስድስት ወሩ ነበር። ከመምጣትዎ በፊት ከእኔ ጋር ተደዋውለው ማን በሕይወት እንዳለ ይጠይቁ፤ ያላወቁትን ሰው ስም በጨዋታ መካከል አያንሡ። ሲምባሉን በዚያ ቀን የመታው የልጃቸው ልጅ ነው፤ ሁለት ጊዜ ቀድሞ ገባ፣ ማንም አላረመውም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወደ ፋሲል ግቢ የሚወጡ እንግዶች በትልቁ ግንብ ፊት ተሰልፈው ፎቶ ይነሡና ይመለሳሉ። እዚያው ግቢ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1716 እስከ 1721 የነገሡት አፄ ዳዊት ሣልሳዊ ያሠሩት አዳራሽ አለ፤ የዘፈን ቤት ይሉታል። ሌላው ጎብኚ ቢያልፈው ይቅር እለዋለሁ፤ ሙዚቀኛ አልፎት ሲሄድ ግን እጁን ይዤ እመልሰዋለሁ። ያለ ፈቃድ እዚያ ለመንፋት ግን አይሞክሩ፤ መሣሪያዎን ማደሪያዎ ትተውት ይምጡ።

የመጨረሻው ስህተት እሑድ ማታ የሚፈጸም ነው። አውቶቡሱ ሰኞ ከንጋት በፊት ስለሚነሣ ሰው ሁሉ መሣሪያውን እንደነፋው፣ በውስጡ ውሃ እንዳጠራቀመ ሣጥን ውስጥ ይከተዋል፤ ሣጥኑም እስከሚመጣው ዓመት አይከፈትም። ቫልቩ የሚጣበቀው፣ ፒንሳውም የሚመጣው ከዚህ ነው። ውሃውን ያፍስሱ፣ በጨርቅ ይወልውሉ፣ ቫልቩን ዘይት፣ የትሮምቦኑን መጎተቻ ቅባት ይቀቡ፤ ሪዱንም (ሲነፋ የሚርገበገበውን ቀጭን ሸምበቆ) ከክላርኔቱ አውጥተው ለብቻው ያድርቁ። ዘይት የሌለው ካለ የእኔ ጠርሙስ በአዳራሹ መስኮት ላይ ነው፤ ሲጨርሱ እዚያው ይመልሱት።