ድርቅ ያለ ፕሮግራም በተርሚናል ሲዘጋ
ሊኑክስ ላይ ፕሮግራም ድርቅ ብሎ ቀረ? ኮምፒውተሩን ለማጥፋት አትቸኩሉ። ኡቡንቱ ላይ ኮንትሮል፣ አልት እና ቲን አንድ ላይ ስትጫኑ ተርሚናል፣ ማለትም ትዕዛዝ የሚጻፍበት መስኮት፣ ይከፈታል። ፒግሬፕ (pgrep) ብላችሁ የፕሮግራሙን ስም አስከትሉ (ትዕዛዞቹ ሁሉ በትንንሽ የላቲን ፊደል ናቸው)፣ ቁጥር ይሰጣችኋል። ከዚያ ኪል (kill) ብላችሁ ያንን ቁጥር ጻፉ። ይሄ ምልክት 15ን ይልካል፤ ፕሮግራሙን «ዕቃህን ሰብስበህ ውጣ» እንደማለት ነው፣ ስለዚህ የከፈታቸውን ፋይሎች በሥርዓት የመዝጋት ዕድል ያገኛል። ብዙ ሰው ግን በቀጥታ ኪል ጭረት 9 (kill -9) ይላል። እኔም እል ነበር፣ ሴቭ ያላደረግኩት ጽሑፍ ድራሹ እስኪጠፋ ድረስ። 9 ማስጠንቀቂያ የለውም። ጥቂት ሰከንድ ጠብቃችሁ እምቢ ካለ ብቻ ተጠቀሙበት። ፕሮግራሙ ተመልሶ አልከፈት ካለስ? ዲኤፍ ጭረት ኤች (df -h) በሉና ዲስኩ 100 ፐርሰንት ሞልቶ እንደሆነ እዩ።